ደረቅ ወሬ

«እሷ እንደሆነች አትሰማም፤ ቲኬቱ ለምን ይባክናል?» አለች የእቴቴ ወንድም ሚስት።

ይህን ያለችው እቴቴ ወጥ ቤት ውስጥ በሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ የቁርሱን ብርጭቆዎች በጨርቅ እያደረቀች ሳለ ነው። ድምጿን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልተጨነቀችም። በዚያ ቤት እቴቴ ፊት ድምፅ ዝቅ ማድረግ ከቀረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለ ኪራዩ መጨመር፣ ስለ ጎረቤቷ ባል፣ አንዳንዴም ስለ ራሷ ስለ እቴቴ ማሳልና አልጋዋ ስለያዘው ቦታ ሁሉ ፊት ለፊቷ ይወራል፤ ሰው ቁምሳጥን አጠገብ ሲያወራ አይጠነቀቅም። እውነቱን ለመናገር ጨርሶ የሞተው ቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነው። ግራው ቧንቧ ካልተከፈተ፣ ተናጋሪው ካልራቀና ሁለት ሰው እኩል ካላወራ ገና ይሠራል። ቤተሰቡ ግን ይህን ሁሉ ዝርዝር ለመያዝ ጊዜ አልነበረውም። አትሰማም ተባለ፣ አለቀ። የዚያን እሁድ ጠዋት ቧንቧው ተዘግቶ ነበር፤ ሚስትየዋም የቆመችው በግራ በኩል ነው። ለእቴቴ አንዲት ቃል እንኳ አላመለጠቻትም።

ሆድ ያስባሳት ግን የሚስትየዋ ነገር አይደለም፤ የወንድሟ ዝምታ ነው። በክፍቱ በር በሚታየው የሳሎን ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓምናውን የቀን መቁጠሪያ ትኩር ብሎ ያያል። ይህንን ሰው ያሳደገችው እሷ ናት። የትምህርት ቤት ሸሚዙን ጎህ ሳይቀድ እየተኮሰች፣ ካልሲውን እየጠቀመች፣ ደብተር እንዲገዛ ከራሷ የጫማ ገንዘብ እየቀነሰች። እቴቴ የሚለውን መጠሪያ ያወጣላትም እሱ ነው፤ ዛሬ ሚስቱም፣ ልጁም፣ መሥሪያ ቤቷም በዚያው ይጠራታል። «ተዪ፣ ቲኬቱ የሷ ነው» ቢል ምን ነበረበት? የነከረው ዳቦ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ሰመጠበትና በማንኪያ ማውጣት ያዘ።

ቲኬቶቹ ሁለት ናቸው። የገዛቻቸው የወንድሟ ልጅ ናት፤ የስልክ መሸጫ ሱቅ ተቀጥራ ከመጀመሪያ ደሞዟ አንዱን ለእቴቴ፣ አንዱን አብራት ለመሄድ ለራሷ። አንጋፋው ዘፋኝ የመድረክ ሃምሳኛ ዓመቱን እሁድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በትልቁ አዳራሽ ያከብራል ተብሎ በከተማው ሁሉ ፖስተር ተለጥፎ ነበር። ቅዳሜ ማታ ግን የልጅቷ ፈረቃ ተቀየረና የእሷ ቦታ ክፍት ሆነ። እናቷ ወዲያው ነገሩን አሰላችው። የባሏ አለቃ ሚስት ቲኬት አጣሁ ብላ ስታማርር ሰንብታለች፤ ማታውኑ ደውላ አብረን እንሂድ አለቻት። ሁለቱ ሴቶች አብረው ቢሄዱ፣ ሴትየዋ ማታ ለባሏ አንዲት ቃል ጣል ብታደርግለት፣ የእቴቴ ወንድም አራት ዓመት ሙሉ የጠየቀው ዝውውር ሊፈቀድ ይችላል። ሰውየው የሚሠራው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ሄዶ ለመመለስ በቀን አራት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ሚስትየዋ ክፉ ሴት ናት ማለት አይቻልም። ባሏ ደክሞት ማየት የሰለቻት ሴት ናት። እቴቴም ይሄ ይገባታል፤ ስለሚገባት ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በመጨረሻ ወንድሟ ተነስቶ አጠገቧ መጣ። እንደ ሁልጊዜው በቀኝ በኩል፣ በሞተው ጆሮ በኩል ቆመ፤ የትኛው እንደሆነ አንድም ቀን አስታውሶ አያውቅም። ዞር ብላ ከንፈሩን አነበበች። ደክሞሻል መሰለኝ፣ ዛሬ እንኳ አረፍ ብትይ ምን ይመስልሻል ነው የሚለው። እቴቴ ብርጭቆውን አስቀምጣ ዓይኑን እያየች «አልደከመኝም፤ እሄዳለሁ» አለችው። እሱም ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደ ሳሎን ተመለሰ። ከዚያም ለሚስቱ ሲናገር ሰማችው።

«ዝም አለች። ቅር ያላት አይመስለኝም።»

ያኔ ገባት። በደረቅ ወሬ ነበር የመለሰችለት።

እቴቴ የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ተኳሽ ነኝ» ብላ የማያውቃትን ሰው ማስደንገጥ ደስ ይላት ነበር፤ ያ ድሮ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ማጠቢያና አራት ማድረቂያ ማሽን አለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንዴ ከተነሱ እስከ አስራ አንድ አያርፉም፤ በዚያ ጩኸት መሃል በድምፅ ልነጋገር ያለ ሰው በሳምንቱ ጉሮሮው ያልቃል። ስለዚህ ሴቶቹ ከጥንት ጀምሮ የራሳቸው መላ አላቸው። ድምፅ የሚባል ነገር ሳያወጡ አፋቸውን ከፍተው፣ ከንፈራቸውን አጋነው፣ በቅንድብ እየታገዙ ያወራሉ። ይህንን ነው ደረቅ ወሬ የሚሉት። አዲስ የተቀጠረች በሦስት ወሯ ትለምደዋለች፤ በዓመቷ ደግሞ ከክፍሉ ዳር እስከ ዳር፣ በአንሶላ ክምር ላይ አሻግራ ሐሜት ታነባለች። የክፍሉ ኃላፊ ብቻ በአስራ ስድስት ዓመቱም አልገባውም። መሃላቸው ቆሞ ስለራሱ ሱሪ ሲወራ ሴቶቹ ጸሎት የሚያደርሱ ይመስለዋል።

ጣጣው ልማዱ ቤት ድረስ ተከትሎ መምጣቱ ነው። ጆሮዋ ሲደክም ድምጿ ይውጣ አይውጣ ለራሷም የማይታወቃት ሆነ። ስንት ጊዜ ጥሩ መልስ ሰጥታ «ዘጋችን» ተብላለች፤ ስንት ጊዜ እምቢ ብላ እሺ እንዳለች ተቆጥሮባታል። ዘዴ ያስተማረቻት የወንድሟ ልጅ ናት። «እቴቴ፣ ስታወሪ እጅሽን ጉሮሮሽ ላይ አድርጊ። ከተንቀጠቀጠ ወጥቷል፤ ካልተንቀጠቀጠ አልወጣም» አለቻት። ጠዋት ግን እጇ እርጥብ ነበር፣ ብርጭቆም ይዞ ነበር፣ ደግሞም ሰው ሲናደድ ጉሮሮውን ማን ያስታውሳል?

ባለፈው ወር ሐኪሙ ግራውም እየሄደ እንደሆነ ነግሯታል። ምናልባት ስድስት ወር፣ ምናልባት ዓመት። ጥሩ ሰው ነበር፤ ከልብ ይሁን ለቀልድ «እንግዲህ የሚወዱትን ነገር አሁኑኑ ይስሙት» ብሎ በሩ ድረስ ሸኛት። እቴቴ በአውቶቡስ ስትመለስ የምትወደውን አሰበች። ብዙ አልመጣላትም። የወንድሟ ልጅ ሳቅ አለ፤ እሱን በየቀኑ ትሰማዋለች። ከዚያ ቀጥሎ የመጣላት ያ ዘፋኝ ነው። ፖስተሩ «አንጋፋው» ይለዋል፣ ሰዉም እሳቸው ይላቸዋል፤ ለእሷ ግን ያው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ ማሽኖቹ ከመነሳታቸው በፊት ባለችው ሩብ ሰዓት፣ የዘበኛው ሬዲዮ ዘፈኖቹን ያሰማ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ነው የሚሠራው። አንዷ በተለይ፣

ቁልፉን ከበሩ ስር ትቼልሽ ሄጃለሁ፤
ብትመጪ ግቢበት፣ ባትመጪም አውቃለሁ

የምትለዋ ስትመጣ ሴቶቹ ሁሉ ጋሪ መግፋት ያቆማሉ። «ባትመጪም አውቃለሁ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ስንጥቅ ይላል፤ እቴቴ የምትወዳት ያቺን ስንጥቅ ናት። ከዚያ ማሽኑ ይነሳና ቀኑ ይጀመራል። ኮንሰርት ሄዳ አታውቅም። አንዴ ወንድሟ ፈተና ነበረበት፣ አንዴ እናቷ ታመመች፣ አንዴ ዝናብ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ዓመት ሄደ። አሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ግራ ጆሮዋ ሳይዘጋ ያንን ድምፅ ከራሱ ከሰውየው አፍ መስማት።

ስለዚህ ተመልሳ አልተከራከረችም። ክርክር ድምፅ ይፈልጋል፣ ድምፅ ደግሞ ያደክማል። ከወንድሟ ልጅ ጋር ወደምትጋራው ክፍል ገብታ፣ ዓርብ ዕለት መሥሪያ ቤት በእንፋሎት የተኮሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ሳሎን ካለው የብርጭቆ መደርደሪያ ውስጥ ከሁለቱ ቲኬቶች አንዱን አነሳች። ከዚያም የውጭው በር አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ገና አምስት ሰዓት ነበር። ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያች ወንበር ሊያስነሳት የሚፈልግ ሰው ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ቲኬትሽን ለአለቃዬ ሚስት ስጪልኝ ብሎ መጮህ ደግሞ ለጎረቤትም ይሰማል። ሁለት ሰዓት ያህል በፊቷ ተመላለሱ፤ ምሳ አቀረቡላት፣ ወንበሯ ላይ እንዳለች በላች። በመጨረሻ ሚስትየዋ ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ስትወጣ ተለባብሳ ነበር። እህቴ ታመመችብኝ ብላ ለሴትየዋ እንደዋሸች፣ ሁለተኛው ቲኬት ደግሞ እንዲሁ ከሚቃጠል እሷ ብትሄድ እንደሚሻል ለባሏ ስትነግረው እቴቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሰማች። ወንድሟ በሩን ከፈተላቸው። 

አውቶቡሱ ውስጥ ሚስትየዋ በእቴቴ ቀኝ ተቀመጠች። የወንድሟ ሚስት የመድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ስድስት ቀን ሙሉ ቆማ ትውልና እሁድ እግሯ ጫማ አልቀበልም ይላል። አዳራሹ በር ላይ ተሰልፈው ሳሉ አንዱን እግሯን ከጫማው አውጥታ በሌላኛው ላይ ደግፋ ስትቆም እቴቴ አየች። የገዛችው አንድ ጠርሙስ ውሃ ሱቅ ከሚሸጥበት በሦስት እጥፍ ነው፤ እሱንም ለሁለት ጠጡት። ቦታቸው ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ነበር። ሆኖም ሊጀመር ሲል ካርድ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አስተናባሪዎች መጥተው ከኋላ ያለውን ሰው ወደ ፊት ይነዱ ጀመር። ለክቡር እንግዶች የተያዙት የፊት ወንበሮች ባዶ ቀርተው ለካሜራ አስቀያሚ ሆኖባቸው ነው። እነ እቴቴን ሁለተኛው ረድፍ መሃል ላይ ወስደው ወሸቋቸው። ሚስትየዋ የአለቃው ሚስት ይህን ብታይ ብላ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ከዚያ ውሸቷ ትዝ አላትና ፈገግታዋን አጠፋች።

አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ። የሙዚቃ ባንዱ ብቻውን ብዙ ተጫወተ። ከዚያ መብራቱ ተለወጠና አዳራሹ ተነሳ፤ እቴቴም ተነሳች። ሰውየው ከመድረኩ ጥግ ብቅ አለ። መብራቱ እስኪያገኘው ድረስ አንድ ወጣት ክንዱን ይዞት ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ለቀቀው። አጥሯል። ወይም ድሮም አጭር ነበር፣ ሬዲዮ ቁመት አያሳይም። እቴቴ መጀመሪያ ያየችው የሥራዋን ነው፤ የኮቱ እጅጌ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ቸኩሎ የተኮሰው ሰው የቀድሞውን እጥፋት ሳያጠፋ በጎኑ ሌላ አውጥቶበታል። ለዚህ ቀን እንዲህ ያለ ኮት አላለብሰውም ነበር አለች በልቧ። ከዚያ ማይኩን አነሳና ዘፈኑ ጀመረ።

ድምፁ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ግራ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እንደመጣ ነበር። ቢሆንም አወቀችው። ዓይኗ እንደ ልማዱ አፉ ላይ ሄደ። አንድ ነገር ግን አልገጥም አላት። ከንፈሩ አንድ ይላል፣ ድምፁ ሌላ። ጆሮዬ ነው ብላ ደነገጠች። ሐኪሙ ስድስት ወር ያለው ዛሬ ደረሰ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ሊዘጋብኝ ነው አለች። ዘወር ብላ የወንድሟን ሚስት አየቻት፤ ሚስትየዋ እያጨበጨበች ነው። ሰው ሁሉ እያጨበጨበ ነው። እቴቴ እንደገና ወደ መድረኩ ዞረች። በሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ ረጅሙን ዜማ ይዞ ሲቆይ፣ ሰውየው ምራቁን ዋጠ። አፉ ገጥሞ ነበር። ድምፁ ግን አልተቋረጠም።

የሚጫወተው ካሴት ነው። ማለት የድሮው ቅጂ። ሰውየው አልዘፈነም፤ ከጅምሩ አልዘፈነም። ሠላሳ ዓመት ጠብቃ፣ ከቤቷ ሰው ጋር በዝምታ ተጣልታ፣ የወንድሟን ዝውውር አሰናክላ መጥታ፣ የምትሰማው የዘበኛውን ሬዲዮ ነው። እንባዋ መጣ። ተታለልኩ አለች፤ እቤቴ ብቀመጥ ይሻለኝ ነበር አለች። ተነስታ ልትወጣ ቦርሳዋን ያዘች።

ያላስወጣት የገዛ ልማዷ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ከንፈር ካየች ሳታነብ ማለፍ አትችልም። ሰውየው እያወራ ነበር። ማይኩን አገጩ ላይ ደግፎ፣ ድምፁ በላዩ ላይ እየዘፈነ፣ እሱ ከስር ብቻውን ያወራል። ከሩቅ ለሚያይ ይዘፍናል። እቴቴ ግን በመጀመሪያ «ስንተኛው ነው ይሄ?» ሲል አነበበች። ቀጥሎ «ጉልበቴ» አለ። «አራት ቀረ። አራት።» ባንዱ ጎላ ያለበት ቦታ ላይ ወደ ድምፅ ማጉያው ሰረቅ አድርጎ አየና «ይሄ ልጅ ግን እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው» አለ። ከዚያም ደጋግሞ፣ እጁን ለሕዝቡ እያወዛወዘ፣ «ደከመኝ፤ ደከመኝ፤ ኧረ ደከመኝ» ይላል።

እቴቴ ቦርሳዋን ለቀቀችው። ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። ያቺን ቃል እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚሁ ዓይነት ስትላት ኖራለች፤ ማሽኑ እየጮኸ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየመታት፣ ማንም እንደማይሰማ እያወቀች፣ ለአንሶላው። ደረቅ ወሬ የሴቶቹ ብቻ ይመስላት ነበር። አዘነችለት፤ ከእናቷ ወዲህ ለማንም እንዲህ አዝና አታውቅም። ሰውየው በፊቷ ሲያልፍ ዓይኑ አንድ ጊዜ አረፈባት። ያኔ ለራሷ እንኳ ሳትነግር አፏን ከፍታ፣ ቅንድቧን አንስታ፣ ልክ ለጓደኛዋ ከማድረቂያው ማዶ እንደምትለው «ቁጭ በል» አለችው። እጇንም ወደ ታች ጫን አደረገች።

ቆመ። አያት። አንድ ሙሉ መስመር ያለ እሱ ከንፈር አለፈ። ከዚያ «የት?» አላት።

እውነቱን ነው፤ መድረኩ ላይ አንድ ወንበር እንኳ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት የሚከበርለትን ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ሊያቆሙ ሲያስቡ ወንበር ማንም አላሰበም። እቴቴ የከበሮው መቀመጫ የተሠራበትን ከፍ ያለ የእንጨት መደብ በአገጯ አሳየችው። ሰውየው ዞሮ አየው፣ ዝግ ብሎ ሄደና ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ። ማይኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። የወጣትነቱ ድምፅ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን መዝፈኑን ቀጠለ።

ሰዉ ነገሩ እስኪገባው ትንሽ ወሰደ። መጀመሪያ የሳቀ ነበር። ከዚያ ከኋላ ማፏጨት ተጀመረ፤ «ወይ ጉድ» የሚሉ፣ ገንዘባችንን የሚሉ ተነሱ። ካርድ ያንጠለጠለ አንድ ሰው ወደ ጥግ ሲሮጥ ታየ፣ ድምፁም መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ተቆረጠ። ባንዱ አቆመ። ጫጫታው ጨመረ። እቴቴ ምን አደረግኩ አለች፤ ሰውየውን ያዋረደችው እሷ ናት። እሱ ግን ፊቱ ላይ ሀፍረት አልነበረም፤ ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነው። ትንፋሹን ሰበሰበ። ማይኩን አነሳውና አፉ ጋ አደረገው፤ ማይኩ ለካ ከመጀመሪያውም አልተከፈተም። ዘፈነ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የአንገቱ ሥር ሲገተር ያየ ሰው ይሄኛው እውነተኛ መሆኑን ያውቃል። የሚሰማ ነገር ግን የለም።

«አይሰማም!» እያለ አዳራሹ ይጮሃል። የወንድሟ ሚስት አንገቷን ብታሰግ፣ ከወንበሯ ብድግ ብትል አልሆነላትም። ኋላ ሳታስበው ወደ እቴቴ ዞረች።

«እቴቴ፣ ምን እያለ ነው?»

እቴቴ እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ቁልፉን ነው አለቻት። ቁልፉን ከበሩ ስር ትቼልሽ ሄጃለሁ እያለ ነው። ዓይኗን ከሰውየው አፍ ሳትነቅል፣ እሱ ሲል እሷ እየተከተለች፣ ያለ ዜማ፣ እንዲሁ ቃሉን ብቻ በሰፊ ገላጣ ድምጿ ትናገር ጀመር። ከፊት ያሉት ባልና ሚስት ዞሩ። በጎን ያለው ሰውዬ አጠገቡ የሚያፏጨውን ወጣት «ዝም በል እስቲ፣ እሳቸው እየነገሩን ነው» አለው። በዙሪያዋ ያለው ሰው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ጸጥ ያለው እሷን ለመስማት ነው። ሁለቱን የታወቁ ስንኞች ከጨረሰ በኋላም ሰውየው አላቆመም። ማንም የማያውቃቸው፣ ካሴት ላይ የሌሉ ሁለት ሌላ ስንኞች አስከተለ። እቴቴ አነበበቻቸው፤ መጀመሪያ ለራሷ፣ ከዚያ በድምፅ።

ቁልፉ ዝጎ ኖሯል፣ በሩም አርጅቷል፤
ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ቤቱ ናፍቆኛል።

እሷ ስትጨርስ እሱ የመጨረሻዋን መስመር ደገማት። እቴቴ አፏን ዘጋች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ገና ዝም እንዳለ ነው፤ በዚያች ትንሽ ዝምታ ውስጥ፣ ማይክም ማጉያም ሳይነካው፣ አንድ ቀጭን፣ የሻከረ የሽማግሌ ድምፅ ግራ ጆሮዋ ገባ። «ናፍቆኛል» አለ። መሃሉ ላይ ስንጥቅ ነበረው። ድሮ ከነበረው የሰፋ ስንጥቅ ነው፣ ግን ያው ነው። ሰማችው።

ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ አስተዋዋቂ ወጣ፣ የቴክኒክ ችግር ነው ተባለ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ሰዉ እየተጋፋ ወጣ። ውጭው ገና ብርሃን ነበር። በየደረጃው ላይ ሰው ይናደዳል፤ ተዘረፍን፣ ምንም ሳንሰማ ተመለስን ይላል። የወንድሟ ሚስት አውቶቡሱ ውስጥ ልትቀመጥ ስትል ቆም አለች።

«የትኛው ነው የሚሰማው ጆሮሽ?» አለች።

እቴቴ በጣቷ ግራዋን ነካች። ሚስትየዋ ዞራ በግራዋ በኩል ተቀመጠች። በአስራ ዘጠኝ ዓመት አብሮ መኖር ይህን ስትጠይቃት የመጀመሪያዋ ነው።  መስኮቱን እያየች ቆየች። ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ በየትኛው በኩል ቆማ እንደነበር እያሰበች መሆኑን እቴቴ ከፊቷ ላይ አነበበችው፤ ለዚህ ከንፈር አያስፈልግም። ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ እየቀላ ሲመጣ አየች። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ከወንበሩ ስር ዘረጋች፤ እቴቴም እንዳላየች ሆና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አድርጋ እግሯን እንድታሳርፍበት ገፋ አደረገችላት።

ወንድሟ ሳሎን ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። የአለቃው ሚስት ሁለት ጊዜ ደውላ ስለ ታመመችው እህት እንደጠየቀች፣ ምን እንደሚላት እንደጠፋበት ነገራቸው፤ ማለትም ለሚስቱ ነገራት። ጠረጴዛው ላይ የጠዋቱ ብርጭቆ እንዳለ ነው። ከዚያ ዝውውሩን ለጊዜው ተወት አድርጎ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀ። ይህንንም የጠየቀው ሚስቱን ነው። እቴቴን ምን ያህል ደክሟት እንደሆነ ለማየት ብቻ አየት አድርጓት ዓይኑን መለሰ።

ሚስትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እሷን ጠይቃት» አለችው። «እኔ አልሰማሁም። አዳራሹ ሙሉ አልሰማም። የሰማችው እሷ ናት። ሁሉንም ነው የሰማችው።»

ወንድሟ አልገባውም። ሚስቱን አየ፣ እህቱን አየ፤ ተነስቶም ድምፁን ሊያጎላ እየተዘጋጀ በቀኟ በኩል መጣ። እቴቴ ትከሻውን ይዛ በግራዋ በኩል አዞረችው። ደክሟታል፤ እግሯ፣ ወገቧ፣ ዓይኗ ሳይቀር። መተኛት ትፈልግ ነበር። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑ ይነሳል። ይሁን እንጂ ወንበሩን በእግሯ ሳብ አድርጋ አሳየችውና እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ከመዳፏ ስር ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«ቁጭ በል» አለችው። «ከጠዋቱ ነው የምጀምረው።»